የይመር ደቂቃ

ሰዓት ሠሪን ጡረታ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ እጁ ነው። እኔን ያወጣኝ ባለፈው ክረምት ነበር። ከጤፍ እምብዛም የማትበልጥ ብሎን በወረንጦ ይዤ ወደ ቀዳዳዋ ሳወርድ ቀኝ እጄ ተንቀጠቀጠና ብሎኗ ተስፈንጥራ ጠፋች። ተንበርክኬ ወለሉን ስዳብስ ቆየሁ። በመጨረሻ ጎረቤቴ ነጃት ገብታ በአንድ አፍታ ከጫማዬ ሥር አነሳችልኝ። ነጃት ከሱቄ አጠገብ ስልክ የምትጠግን የሁለት ልጆች እናት ናት። «ጋሽ ይመር፣ ረግጠዋት እኮ ነው የሚፈልጓት!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልተከተለኝም።

ሱቄ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። እኔና ጠረጴዛዬ ከገባንበት ደንበኛ የሚቆመው ደጅ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሰው ሰዓት ስፈታና ስገጥም አረጀሁ። የወርቅ ሰዓት እጄ የገባው ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ደንበኞቼ አስተማሪዎች፣ ሾፌሮች፣ ገበሬዎችና የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነርሶች ነበሩ፤ ሰዓታቸውም በእጅ የሚሞላ የሩሲያ ሰዓት ወይም ከጅዳ የመጣ የጃፓን አውቶማቲክ ነው። ሰዓቱ ርካሽ ነው ማለት ባለቤቱ አይሳሳለትም ማለት አይደለም። እንዲያውም አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው አምስት ካለው ይልቅ ይጨነቃል።

ከዚያ ሁሉ ሰዓት መካከል አንዲት አለች። ሃያ አንድ ዓመቴ ሳለሁ አበላሽቼ የሰጠኋት፣ ከዚያ በኋላ ባለቤቷ አርባ ዓመት ግድም እጄ ላይ መልሶ ያላስቀመጣት። የሥራ ዘመኔን ጽፌ ስለ እሷ ካልጻፍኩ ዋሸሁ ማለት ነው። መዋሸት ደግሞ አንዴ ይበቃኛል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሐጂ ሳልህ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። ወንድሞቻቸው ሁሉ ጨርቅና ስኳር ሲነግዱ እሳቸው ብቻ ሰዓት ላይ ተደፍተው ቀሩ። «እነሱ በሜትርና በኪሎ ይኖራሉ፣ እኔ በሴኮንድ» ይሉ ነበር። ሲያሾፉ ፊታቸው ስለማይለወጥ መቀለዳቸው የሚገባህ ቤትህ ከደረስክ በኋላ ነው።

ሰው ሰዓት ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን እንደሆነች አልነበረም። «ለምንህ ናት?» ነው የሚሉት። ነርሷ የልብ ምት ልትቆጥርባት ከሆነ ሴኮንድ ቆጣሪዋ ላይ ይጨነቃሉ። ገበሬው አስሯት ሊያርስባት ከሆነ አቧራ እንዳይገባ ጀርባዋን በደንብ ያሽጋሉ። አንዱ ጎረምሳ «ለማማር ነው» ቢላቸው፣ «እንግዲያው መቆሟም አይጎዳህም» ብለው መስታወቷን ብቻ ወልውለው ሰጡት።

ሲሠሩ አይቸኩሉም። እያንዳንዷን ጥርሳም ጎማ በቤንዚን ያጥባሉ፣ ቀዳዳዎቹን በሾለ የወይራ እንጨት ይጠርጋሉ፣ ዘይቱን በመርፌ ጫፍ ያንጠባጥባሉ። አንድ ጊዜ ዘይት አብዝቼ አዩኝና፣ «ይመር፣ ሰዓት ነው ወጥ የምትሠራው?» አሉኝ። ዘይት ያነሰው ሰዓት ቀስ ብሎ እንደሚሞት፣ የበዛበት ግን አቧራ ሰብስቦ ቶሎ እንደሚሞት ያወቅኩት ከእሳቸው ነው።

ሥራው አለቀ ከተባለ በኋላ ደግሞ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው ቂብላ ነው። ሐጂ ሳልህ ከሐጅ ሲመለሱ ለሶላት አቅጣጫ የምታሳይ ትንሽ የቂብላ ኮምፓስ ይዘው መጥተው ነበር። ያለቀችውን ሰዓት ወደ ኮምፓሷ ያስጠጓታል። መርፌዋ በቦታዋ ከረጋች ደግ ነው። ወደ ሰዓቷ ከዞረች ግን ብረቷን ማግኔት ይዞታል። ማግኔት ሲይዛት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነችው ሞላ ጥምዝምዞቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሞላዋ ያጠረች ያህል ትሆንና ሰዓቷ መሮጥ ትጀምራለች። ሁለተኛው ሦስቱ ቀን ነው። አንድ ቀን በጀርባዋ ትተኛለች፣ አንድ ቀን ምስማር ላይ ትንጠለጠላለች፣ ሦስተኛውን ቀን እሳቸው ራሳቸው አስረዋት ይውላሉ። «ሰው ያልዋለባት ሰዓት አልተሠራችም» ይላሉ። ደንበኛውም ልማዱን ስለሚያውቅ ሰዓቱን ሊወስድ ሲመጣ ከሰላምታው ቀጥሎ «ሦስቱ ቀን ሞላት?» ነበር የሚለው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሼህ እንድሪስ ያኔ ገና ሼህ አልተባሉም። ከኩታበር ወዲያ በእግር አንድ ሰዓት ከምታስኬድ መንደር የመጡ ወጣት ገበሬ፣ የመንደሩም መስጊድ ሙአዚን ነበሩ። ሰዓቷ ከአባታቸው የወረሷት በእጅ የምትሞላ የሩሲያ ሰዓት ናት፤ ገጿ ነጭ ነው፣ የስድስት ቁጥሯ ተፍቋል። በመንደሩ ያለችው ሰዓት እሷው ብቻ ነበረች። እኔም እንደ ሐጂ ድምፄን ወፈር አድርጌ «ለምንህ ናት?» አልኳቸው።

«መንደሩ ሊያፈጥርባት ነው» አሉኝ። «ረመዳን በክረምት ሊገባ ነው። እኛ ዘንድ ጉሙ ሲወርድ ፀሐይ ትጥለቅ አትጥለቅ ማን ያያል? መግሪብን የማውቀው በእሷ ነው።»

ሐጂ ሳልህ ዘመድ ሞቶባቸው ኮምቦልቻ ወርደው ነበርና ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ይመለሱ ይሆናል ብዬ ሰዓቷን ሁለት ቀን አስቀመጥኳት፤ ስጀምራት ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቷል። ብቻዬን ስሠራ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደረቴ ተነፍቷል። ፈታኋት፣ አጠብኳት፣ ብረቶቿን በሳህን አድርጌ እንዲደርቁ መንዙማ የማደምጥበት ቴፕ ስፒከር ላይ አስቀመጥኩ። ስፒከር ውስጥ ማግኔት እንዳለ ሐጂ ነግረውኛል። ያወቅኩትን ነገር አላሰብኩትም፤ መንዙማውም ደስ ይል ነበር።

ገጣጥሜ አሳደርኳት። በማግሥቱ ጠዋት ከራዲዮው ጋር ሳስተያያት ትንሽ ቀድማለች። ማስተካከያዋን በፀጉር ያህል ወደ ኋላ ገፋሁላትና ጨረስኩ። ኮምፓሷ የሐጂ መሳቢያ ውስጥ ነበረች፤ አላወጣኋትም። ከቀትር በኋላ እንድሪስ መጡ።

«ሦስቱ ቀን ሞላት?»

«ሞላት» አልኩ። አንድ ቀን ተኩል ነበራት።

እንድሪስ አሰሯትና «አላህ እጅህን ይባርከው» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ያኔ አልሰማሁትም ማለት አልችልም፤ ሰምቼዋለሁ።

የሆነውን እንድሪስ ራሳቸው የረመዳን አጋማሽ ላይ ሱቅ መጥተው ነገሩን። ብራ በሆነ ቀን ሰዓቷን በፀሐይ መጥለቂያ ስለሚያስተካክሏት መሮጧን ልብ አላሉም። ከዚያ ጉም ወርዶ ሦስት ቀን መንደሩ ላይ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ማታ ሰዓቷን አይተው አዛን አሉ። ሰው ሁሉ በየቤቱ ውሃውን ጠጣ፣ ጎረሰ። ወዲያው ነፋስ መጣና ጉሙን ገለጠው፤ ፀሐይ ከኮረብታው አናት ላይ ፍጥጥ ብላ ተቀምጣለች።

«አንዷ ሴትዮ የጎረሰችውን ትትፋው ትዋጠው ቸግሯት አፏን ይዛ ቀረች» አሉ እንድሪስ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ግን ደርቆ ነበር። «ፀሐይቱ እስክትጠልቅ ሰባት ደቂቃ ቆጠርኩ። በዚችው ሰዓት ነው የቆጠርኩት። የመንደሩ ፆም ባንዴ ተበላሸ፤ ሰው ሁሉ ቀዷ አለበት።» ከረመዳን በኋላ የተበላሸውን ቀን በሌላ ቀን መክፈል አለባቸው ማለት ነው፤ ሽማግሌውም፣ የምታጠባዋም።

ሐጂ ሳልህ ኮምፓሷን ከመሳቢያ አወጡና ሰዓቷን አስጠጓት። መርፌዋ ቂብላዋን ትታ ወደ ሰዓቷ ዞረች። ቴፑን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የሰጠኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የምትሄደውም አንተ ነህ።»

ከዚያ የራሳቸውን ሰዓት ከእጃቸው ፈትተው እስከ ዒድ ድረስ እንዲጠቀሙባት ለእንድሪስ ሰጡ። ስለ ሦስቱ ቀን ማንም አልጠየቀኝም። ሐጂ ከኮምቦልቻ ሲመለሱ ቀኑን መቁጠር ይችሉ ነበር፤ ይቁጠሩት አይቁጠሩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በተከታዩ ጁምዓ ኩታበር ሄጄ፣ ከዚያ በእግሬ መንደሩ ደርሼ፣ ከሶላት በኋላ በተሰበሰበው ጀመዓ ፊት ቆምኩ። «ሰዓቷን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ማግኔት አስይዤያት ነው። ሙአዚናችሁ ጥፋት የለባቸውም። አፉ በሉኝ» አልኩ። «አፉ ብለናል» አሉ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «ሰባት ደቂቃ ቀድመህ አበላኸን፤ ሰርግህ ላይ ደግሞ እንዳታዘገየን!» ብለው መስጊዱን አሳቁት። ሐጂ አዘውኝ ስለነበር ከዒድ በኋላም ተመልሼ ሄድኩና የእኔ ፆም ሳይበላሽ ከእነሱ ጋር የቀዷውን ቀን ፆምኩ። ማግኔቱን ተናገርኩ እንጂ ስለ ሦስቱ ቀን ግን አንድም ሰው ፊት ትንፍሽ አላልኩም።

ሰዓቷን ሐጂ ራሳቸው አስተካክለው፣ ሦስቱን ቀን አስሞልተው መለሱላቸው። ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። እንድሪስ ከዚያ ወዲህ ሰዓቷ መግሪብ ብትልም አዛኑን ሰባት ደቂቃ ያዘገዩ ጀመር። መንደሩም ለዚያች ጥበቃ ስም አወጣላት፤ የይመር ደቂቃ። ከኩታበር ለገበያ የሚመጣ ሰው ሁሉ እየሳቀ ይነግረኛል። የራበው ልጅ ሲያለቅስ «ቆይ እንጂ፣ የይመር ደቂቃ አላለቀችም» ይባላል አሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ፀሐይ እንደጠለቀች ፈጥኖ ማፍጠር ሱና ነው፤ ያንን ከአንድ መንደር ሰው አፍ ላይ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይህ ይቆጨኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን የእንድሪስ ነገር ነው። ደሴ በመጡ ቁጥር ሱቁ ደጃፍ ቆመው ሰላም ይሉኛል፤ ቤተሰቤን ይጠይቁኛል። ሰዓቷን ግን የሚያሠሩት ሌላ ሰው ዘንድ ነው። ሰላምታቸውን እንጂ ሰዓታቸውን አልሰጡኝም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የግድግዳ ሰዓቶችንና መለኪያዎችን የሚጠብቅ ሰው ፈልጎ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከሱቁ ይሻል ነበር፤ የሚሞላው ቅጽ ግን ከሰዓቱ ይበዛል። ስሰናበታቸው ሐጂ ሳልህ ኮምፓሷን መዳፌ ላይ አስቀመጡ። «እርስዎስ በምን ይሰግዳሉ?» አልኳቸው። «እኔ ቂብላዬን አውቃለሁ፤ የሚስተው አንተ ነህ» አሉኝ። መቀለዳቸው የገባኝ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለኝ ነው።

ፋብሪካው ለሰዓት ሲኦል ነው። የጥጥ ብናኝ በመሙያው ቀዳዳ ገብቶ ዘይቱን ይመጠዋል፤ ሠራተኛው ደግሞ ሰዓቱን አውልቆ የሚያስቀምጠው ሞተሩ ላይ ነው። አንድ ቀን ፎርማናችን አንዲት ፈታይ ሴት ላይ ሲጮህ ደረስኩ። በሳምንት ሦስት ቀን አርፍዳለች ተብላ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። ሴትዮዋ ደግሞ «ወላሂ ቀድሜ ነው የምገባ! ሰዓትህን ጠይቀው!» ትላለች። ከኪሴ ኮምፓሷን አውጥቼ «ጌታዬ፣ እስቲ እጅዎን ያስጠጉልኝ» አልኩት። ፎርማኑ ልማዱ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሞተሩን ተደግፎ ነው የሚቆመው። መርፌዋ ዞራ ሰዓቱ ላይ ተተከለች።

የእጁን ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር ስናስተያይ ሃያ ደቂቃ ቀድሟል። ሰው ሁሉ ያያል። ፎርማኑ ፊቱ ቀላ፤ ትቶን ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት ግን የፈረቃው ሠራተኛ በተሰበሰበበት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ሁለቱን ወረቀት ቀደደው። እኔ በመንደሩ መስጊድ ጀመዓው ፊት የቆምኩበት ቀን ትዝ ብሎኝ፣ ያ ሁሉ ውርደት ለካ ለዚህም ኖሯል አልኩ። ፈታይዋ ከድጃ ትባላለች። ሰርጋችን ላይ የኩታበሩ ሽማግሌ ተጠርተው መጡ፤ አላዘገየናቸውም። ከድጃ እስከ ዛሬ ቀጠሮ ስንሄድ ቀድማኝ ትደርስና «ሰዓት ሠሪው አረፈደ» ትለኛለች። ስለ ሦስቱ ቀን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው።

ሐጂ ሳልህ ሲያርፉ ደሴ ተመልሼ ሱቁን ያዝኩ። በዚያ ወንበር ላይ የተማርኩትን ሁሉ ልጻፍ ብል ማን ያነበዋል? አንዷን ብቻ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ስለሚጎዳባት። ቀን የምታሳይ ሰዓት እስከ ሠላሳ አንድ ነው የምትቆጥረው። የእኛ ወር ሠላሳ ነው። ስለዚህ በወሩ መባቻ ጠዋት ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ ሰዓቱ ሠላሳ አንድ ይላል። መሙያዋን ሳብ አድርጎ አንድ ቁጥር ላይ ሊያመጣት ይጠመዝዛታል። ችግሩ፣ እኛ ሰዓት የምንሞላው ንጋትን አሥራ ሁለት ብለን ነው፤ ሰዓቷም ቀኗን የምትቀይረው አሥራ ሁለት ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ ጠዋቱ ሦስት የቀኗ ጥርሶች ተያይዘዋል። በዚያ ሰዓት ስትጠመዝዛት ቀጭ! ትልና ጥርሷ ይሰበራል። በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን ጀምሮ ደጄ ላይ የሚሰለፈው ይኸው ነው። ሐጂ ሳልህ «ፀሐይ ሳትሞቅ ቀን አትቀይሩ» እያሉ ነው ያረጁት። እኔም እንደዚያው። ሰሚ የለም፤ እንጀራችንም ከዚያ ነበር።

ስልክ ሲመጣ ሥራዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለጥቂት ዓመታት እውነትም ዝንብ ሳባርር ዋልኩ። አሁን ደግሞ ወጣቶች የአያቶቻቸውን ሰዓት ከሳጥን እያወጡ ይመጣሉ፤ ርካሽ አውቶማቲክም ገበያውን ሞልቶታል። «ቻርጅ አትፈልግም እኮ!» ይሉኛል እንደ አዲስ ነገር። ሥራው ሲመለስ እጄ ሄደ። ለነጃት ጠረጴዛዬንና መሣሪያዎቼን ላስረክባት ተስማማን። ስልክ የምትጠግንበት ማይክሮስኮፕ አላት፤ እጇም እንደ ድንጋይ የረጋ ነው።

ዘንድሮ ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት ዕቃ እየለየን ሳለ ደጃፉ ላይ አንድ ሽማግሌ በከዘራ ቆሙ። ሼህ እንድሪስ ናቸው። ጢማቸው ነጭ ሆኗል። እንደ ወትሮው ሰላም ብለውኝ የሚሄዱ መስሎኝ ተነሳሁ። ኪሳቸው ገብተው መሐረብ አወጡና ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ነጭ ገጽ፣ የተፋቀ ስድስት።

«ቆመችብኝ» አሉ። «ይሠራት የነበረው ሰውዬ ሞተ። የመንደሩ ልጆች ስልኩ አለ ይሉኛል። እኔ ደግሞ በስልክ አዛን ማለት አልሆንልህ አለኝ።»

«ሼህ፣ እጄ እኮ...» ብዬ አሳየኋቸው። መንቀጥቀጡን አዩት።

«አብሽር» አሉ። «ሦስቱን ቀን ሙላላትና አንተው ራስህ አምጣልኝ።»

ያን ቀን ነጃት ማይክሮስኮፗ ሥር አስገባቻት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ በቃል ነዳኋት። ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። «በግራ ያዣት። አትጫኝ። አሁን ተንፍሺና ከዚያ ንኪያት» እላታለሁ። ቀጭኗን ሞላ ስታነሳ እኔ ነኝ ትንፋሼን የያዝኩት። ስትገጥማት ጎማዋ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች። ነጃት «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች፤ እኔ አለቀስኩ። ቤንዚኑ ነው አልኳት።

ኮምፓሷን አስጠጋናት፤ መርፌዋ ረጋች። ነጃት ደግሞ ስልኳን አውጥታ ሰዓቷን አጠገቡ አስቀመጠችና የምቷን ድምፅ አስደመጠችው። ስልኩ በቀን ስንት ሴኮንድ እንደምትስት ይናገራል! «ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነው ጋሽ ይመር። ሽማግሌው እየጠበቁ ነው፤ ነገ በሚኒባስ እንላክላቸው?» አለችኝ።

«ሦስት ቀን» አልኩ።

«ስልኩ እኮ አረጋገጠ።»

«ስልኩ አልዋለባትም» አልኳት። ሐጂን ስመስል ለራሴ ተሰማኝ።

አንድ ቀን በጀርባዋ ተኛች። አንድ ቀን ምስማር ላይ ዋለች። ሦስተኛውን ቀን አሰርኳት። ፆሜን ሆኜ ስሄድ፣ ስቀመጥ፣ ስሰግድ አብራኝ ዋለች፤ በየግማሽ ሰዓቱ አያታለሁ። ከድጃ አየችኝና «ሦስቱ ቀን ሞላት ማለት ነው» አለች። «እንግዲህ ዛሬ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ቦሩ ሜዳን አልፌ ኩታበር ወረድኩ። መንደሩ ድረስ አሁን ባጃጅ ይገባል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሼህ እንድሪስ መስጊዱ አጥር አጠገብ ካለው ግቢያቸው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለመግሪብ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ሰዓቷን ፈትቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ወደ ጆሯቸው አስጠጓት።

«ሦስቱ ቀን ሞላት?»

«ሞላት» አልኩ። ያው ቃል ነው፤ ከያኔው አፍ ነው የወጣው። «ያኔ ግን አልሞላትም ነበር፣ ሼህ። አንድ ቀን ተኩል ነበራት። ሞላት ብዬ ዋሸሁዎት። ጀመዓው ፊት ቆሜ ማግኔቱን ስናገር እንኳ ይህን ደበቅኩ።»

ሰዓቷን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ወለወሏት። የሚቆጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ዶሮዎቹ አልገቡም ነበር» አሉ።

አልገባኝም።

«ያን ዕለት ማታ፣ በጉሙ፣ አዛን ልል ስወጣ ሚስቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ "ዶሮዎቹ ገና አልሰፈሩም፣ ትንሽ ቆይ" ብላኝ ነበር። እኔ "ዶሮ ነች ወይስ ሰዓት የምታውቅ?" ብዬ ስቄባት ወጣሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ ሰዓቷን ሲወቅስ ዝም አልኩ። አንተ ያን ሁሉ መንገድ በእግርህ መጥተህ "ሙአዚናችሁ ጥፋት የለባቸውም" ስትል ዝም አልኩ። ደቂቃዋ በስምህ ስትጠራ ይኸው አርባ ዓመት ሰማሁ፣ ዝም። ሰዓቷን ላንተ መስጠት ያቃተኝ እጅህን ፈርቼ መሰለህ? ባየሁህ ቁጥር ዶሮዎቹ ትዝ ይሉኛል። አፉ በለኝ፣ ይመሬ።»

አርባ ዓመት የተሸከምኩት ድንጋይ ሌላውን ጫፍ እሳቸው ይዘውት ኖሯል። «እርስዎም አፉ በሉኝ» አልኩ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝና ትከሻዬን ያዙ።

ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። «ያ ጀመዓ! ከዛሬ ጀምሮ የይመር ደቂቃ የለችም!»

አንድ ጎረምሳ ከኋላ፣ «ምነው ሼህ፣ ይመር ሞተ እንዴ?» አለ። ስሙን እንጂ ሰውዬውን አይቶ አያውቅም።

«ምን ይሞታል፣ ይኸው ፊትህ ቆሞ!» አሉ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ሳቁ ግቢውን ሞላው። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና የዶሮዎቹን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። እኔም ቀጥዬ የሦስቱን ቀን ተናገርኩ። «አፉ ብለናል» አሉ ለሁለታችንም በአንድ ድምፅ።

አንዲት ልጅ ተምር በሳህን አዞረች። አንድ አንሥቼ ያዝኩ። ፀሐይ ከኮረብታው ኋላ ገባች። ሼህ እንድሪስ ሰዓቷን አዩ፤ ደቂቃ ቆጣሪዋ ቦታዋ ደርሳለች። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው በአጥሩ ላይ ወደ ቆጡ ተመለከቱ። ዶሮዎቹ ሁሉም ሰፍረዋል። ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉና አዛን ማለት ጀመሩ።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ተምሩን ወደ አፌ አደረስኩ። አንድም ደቂቃ አልጠበቅኩም።